የጭነት መኪና ሞተርን ለጀልባ ስለ ማላመድ

በጉለሌ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምናገርላችሁ ነገር ለጉለሌ ሰው እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉለሌ የደጋ አገር ነው፤ ሐይቅም ወደብም የለበትም። ይሁን እንጂ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ፤ የእንጦጦን ትከሻ ወጥቶ፤ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ ከደጃችን ይጀምራል። ይኸው መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፤ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ያገናኛል። ስለዚህ በመንገዱ በዚህኛው ጫፍ የተፈታ ሞተር በዚያኛው ጫፍ በውሃ ላይ ቢታሰር የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ወይም አካሉ በዕድሜ ዝጎ ከሥራ ይወጣል፤ ሞተሩ ግን ገና ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ለጀልባ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ሞተር ዋጋው ውድ፤ መለዋወጫውም ሩቅ ስለ ሆነ፤ ባለ ጀልባው ያንን ከመኪና የወጣውን ሞተር ገዝቶ በጀልባው ሆድ ውስጥ ሊያኖረው ያስባል። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ቁጠባም ነው። ነገር ግን «ሞተር ሞተር ነው፤ በመንገድ የሠራ በውሃም ይሠራል» ብሎ ሳይመረምሩ ማሰር ሰውን ያስፈጃል።

የመኪና ሞተር በመንገድ ላይ ቢቆም፤ ነጂው ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያኖራል፤ ረዳቱን ልኮ ባለሙያ ያስጠራል፤ ተሳፋሪውም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ጀልባ ግን ድንጋይ የሚደረግበት ጎማ የለውም። ከባሕር ዳር ወደ ደሴቶቹ ሲሄድ በሐይቁ መካከል ሞተሩ ቢሞትና ነፋስ ቢነሣ፤ ማዕበሉ ጎኑን እየመታ ወደ ፈለገው ይወስደዋል። ሴቶች ሕፃናት አዝለው፤ ሽማግሌዎች ተሳፍረው ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ የብረት ነገር ብቻ ሳይሆን የነፍስ ነገር ነው።

በዚህ ንግግር ላስረዳችሁ የምፈልገው አሳብ አጭር ነው። ሞተር ከየብስ ወደ ውሃ ሲዛወር ማንነቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሙቀቱን የሚቀበልለትና ግፊቱን የሚሸከምለት ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ሞተሩን አላመደው ይባላል፤ ያላዘጋጀ ግን ከቦታ ወደ ቦታ አጋዘው እንጂ አላላመደውም።

አባቶቻችን የፍጥረትን ነገር በአራት ባሕርያት ከፍለው፤ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ መሬት ብለው አስተምረውናል። የዛሬ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ንጥረ ነገሮችን ከመቶ በላይ አድርገው ይቈጥራሉ፤ እኔ ግን ለማስታወስ እንዲቀል ነገሬን በእነዚሁ በአራቱ አርእስት እከፍለዋለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ጀልባው ታሪክና ስለ ሞተሩ ብረት ጥቂት እናገራለሁ።

ስለ ጀልባ በአገራችንና በሌላው ዓለም

በአገራችን የውሃ ላይ ጉዞ ጥንታዊ ነው። በጣና የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ዛሬም ይታያል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው በአዲስ ይተካል፤ የሚነዳውም በሰው ክንድ ነው። በባሮ ወንዝ ደግሞ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል የንግድ ሥፍራ ከተፈቀደ በኋላ፤ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከሱዳን እስከ ጋምቤላ እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ጣልያኖችም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን በጎርጎራ ወደብ ሠርተው በጣና ላይ የሞተር ጀልባ አሰማርተዋል። ዛሬ የሞተር ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በደሴቶቹ ወዳሉት ገዳማት መንገደኛ ያመላልሳሉ።

የመኪና ሞተርን ለውሃ ማላመድ በሌላው ዓለም የታወቀ ተግባረ እድ ነው። በአሜሪካ ሌማን የተባለው ኩባንያ፤ የእንግሊዝ አገሩ ፎርድ የሠራውን ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር እየተቀበለ፤ ማቀዝቀዣውን፣ የጭስ መውጫውንና ካምቢዮውን እየለወጠ፤ 120 የፈረስ ጉልበት ያለው የጀልባ ሞተር አድርጎ ለብዙ ዓመታት ሸጧል። ያ ሞተር ዋና አካሉ ከብረት የተሠራ ነበረ። በቅርብ ዘመን ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ሞዴል ጀምሮ፤ ለፒካፕ መኪኖቹ ግንዱም ቴስታታውም አሉሚኒየም የሆነ ሞተር አውጥቷል። የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ ከዚሁ ወገን ያሉትን ሞተሮች ለጀልባ አላምዶ ሲያቀርብ፤ የባሕር ውሃ አሉሚኒየሙን እንዳይነካው ዝግ ማቀዝቀዣ አብሮ ይሰጣል። ብዙ ሀብትና ብዙ መሐንዲስ ያለው ፋብሪካ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፤ በአንድ ጋራዥ ሞተር የሚያላምድ ባለሙያ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

ስለ ብረቱና ስለ አሉሚኒየሙ ባሕርይ

በከባዱ የጭነት መኪና የሞተሩ ግንድ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ባለሙያዎች ጊዛ የሚሉት፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። በቀላል የጭነት መኪናና በፒካፕ ግን አሉሚኒየም እየበዛ መጥቷል። አንዳንዱ ሞተር ግንዱ ብረት ሆኖ ቴስታታው ብቻ አሉሚኒየም ነው፤ ዋን ኬዲ የሚባለው የቶዮታ የናፍጣ ሞተር እንደዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለንተናው አሉሚኒየም ነው፤ ዋን ጂአር የሚባለው የቶዮታ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሞተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የትኛው ክፍል ከምን እንደ ተሠራ ይወቅ። ማግኔት ብረቱን ይይዛል፤ አሉሚኒየሙን ግን አይዝም፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ሊፈትነው ይችላል።

የአንድ ሊትር ስፍራ የሚሞላ ጊዛ 7 ኪሎ ከጥቂት ይመዝናል፤ ያንኑ ስፍራ የሚሞላ አሉሚኒየም ግን 2.7 ኪሎ ብቻ ነው። ጀልባን ከክብደት ማዳን በጎ ስለ ሆነ አሉሚኒየም በዚህ ይመሰገናል። ሙቀትንም ከብረት ይልቅ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ነውሩ ግን እነሆ። ጊዛ የሚቀልጠው በ1,200 ዲግሪ አጠገብ ሲሆን አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከመቅለጡም አስቀድሞ ይለሰልሳል። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ዘንግ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የጊዛው ዘንግ ግን የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በብረት ግንድ ላይ የታሰረ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከልክ በላይ ሲግል፤ አንዱ ሲሰፋ ሌላው እምቢ ይለዋልና ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይትም ይደባለቃሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቁታል፤ እኩል ያልደረቀና እኩል ያልሞቀ ገንቦ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።

አንደኛ፤ ስለ እሳት

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚወጣው ሙቀት በግምት ሲሶው ብቻ ወደ ሥራ ይለወጣል። ሲሶው በጭስ መውጫው ይወጣል፤ የቀረው ሲሶ በማቀዝቀዣው በኩል መውጣት አለበት። በመኪና ላይ ይህን ሙቀት ራዲያተሩ ተቀብሎ ለነፋስ ይሰጠዋል፤ መኪናው ራሱ እየሮጠ ነፋሱን ያመጣለታልና።

አሁን ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ እንጦጦን የሚወጣውን የተጫነ መኪና አስቡ። በዳገቱ ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሱሉልታ ሜዳ ሲደርስ ግን ያርፋል፤ ቁልቁለት ሲያገኝም ከነጭራሹ ሥራ የለውም። የመኪና ሞተር የተሠራው ለእንዲህ ያለ ኑሮ ነው፤ ጥቂት ደክሞ ብዙ ያርፋል። ጀልባ ግን ቁልቁለት የለውም። ፕሮፔለር የሚባለው ቅጠላም መዞሪያ ከተነሣበት ወደብ እስከሚደርስበት ወደብ ውሃን ያለ ዕረፍት ይገፋል። ስለዚህ ጀልባ ሁልጊዜ እንጦጦን እንደሚወጣ መኪና ነው ብላችሁ ለተማሪዎቻችሁ ብታስተምሯቸው ነገሩ ይገባቸዋል።

ከዚህ የሚከተል ምክር አለ። ፋብሪካዎች አንዱን ሞተር ለመኪና ሲሸጡት ከፍ ያለ ጉልበት፤ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ጀልባ ሲሸጡት ዝቅ ያለ ጉልበት ይጽፉበታል። እኛም በመኪናው ላይ 150 የፈረስ ጉልበት የተባለውን ሞተር በሐይቅ ላይ ለረጅም ሰዓት ከ100 በላይ ባንጠይቀው ዕድሜው ይረዝማል። ደግሞም ፕሮፔለር ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን ሲፈለግ የሚጠይቀው ጉልበት በግምት ስምንት እጥፍ ነው። ባለ ጀልባው ፍጥነቱን ጥቂት ቢቀንስ ብዙ ነዳጅና ብዙ ሙቀት የሚያተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሃ

ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። የጣና ውሃ ጣፋጭ ነው፤ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። የቀይ ባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለበት። ሻላና አቢጃታ ደግሞ ሶዳ ያለባቸው ሐይቆች ናቸው፤ ከአቢጃታ ውሃ የሶዳ አመድ ይወጣ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አሉሚኒየም በላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ አበጅቶ ራሱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጨው ይህን ቆዳ ይበሳዋል፤ ብርቱ ሶዳም ያሟሟዋል። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ውሃ ሲታጠብ መጥቈሩን የቤት እመቤቶች ሁሉ አይተውታል። እንግዲህ በጣና ላይ የሚምር ነገር በሻላ ወይም በምጽዋ አይምርም። ከዚህም ጋር፤ በጨው ውሃ ውስጥ መዳብ ወይም ነሐስ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ፤ ቀስ ያለ የኤሌክትሪክ ፍሰት በመካከላቸው ይፈጠራል፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ባሕረኞች ለዚህ ነገር መድኃኒት አላቸው፤ በጨው ውሃ የዚንክ፤ በጣፋጭ ውሃ ደግሞ የማግኒዚየም ቁራጭ ከሚጠበቀው ብረት ጋር ያስራሉ፤ ያ ቁራጭ ስለ ሌላው ይበላል፤ ሲያልቅም ይተካል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን የሐይቁ ውሃ በሞተሩ ሆድ ፈጽሞ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ይህም ዝግ ማቀዝቀዣ ይባላል። አረቄ ሲወጣ ያያችሁ ሁሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይገባል፤ ሙቀቱን ለውጭው ውሃ ይሰጣል፤ አረቄውና ውሃው ግን አይደባለቁም። የሞተሩም ውሃ እንዲሁ በራሱ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ የሐይቁ ውሃ ከውጭ ሆኖ ሙቀቱን ይቀበላል። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውም ተራ ውሃ ሳይሆን ለአሉሚኒየም የሚስማማ ኩላንት ሊሆን ይገባል። ብዙ ሰው ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ዝገትን መከልከሉ ነው።

ዝግ ማቀዝቀዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስቦ በጀልባው ውስጥ ባለ የሙቀት መለዋወጫ ያሳልፋል። ሁለተኛው የሞተሩን ኩላንት ከጀልባው ሆድ በታች በተዘረጉ ቧንቧዎች ያዞራል፤ ቧንቧዎቹ በሐይቁ ውስጥ ስለ ተነከሩ የሐይቁን ውሃ የሚስብ ፓምፕ አያስፈልግም። ለጣና የቱ ይሻላል ቢባል፤ ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል፤ ሥሩና ቅጠሉ የፓምፑን ማጥለያ ይደፍናል። ማጥለያው ሲደፈን ውሃ አይገባም፤ ውሃ ካልገባ ሙቀቱ የሚሄድበት የለም፤ የአሉሚኒየም ቴስታታም በጥቂት ደቂቃ ይጣመማል። ፓምፕ ያለው ጀልባ ግን ማጥለያው ከላይ ተከፍቶ በቶሎ የሚጸዳ ይሁን፤ ነጂውም በየጉዞው ይመልከተው።

ሦስተኛ፤ ስለ ነፋስ

ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጣና በ94፤ በጉለሌ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት የሚይዝና ጤነኛ ይሁን፤ ክዳኑ ሲላላ ውሃው ያለ ጊዜው ይፈላልና። ተርቦ የሌለው ሞተር በጣና ከፍታ ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። በባሕር ወለል ሠንጠረዥ ተመርጦ የተገዛ ፕሮፔለር ለዚህ ሞተር ይከብደዋል፤ ሞተሩም በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያቃስታል፤ ይግላልም።

ሞተሩ በጀልባ ሆድ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ የሚተነፍሰው አየር በሰፊ መስኮት ይግባለት። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ከሆነ የባሰ ጥንቃቄ ያሻዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በመኪና ሥር ቢፈስ ነፋስ ይበትነዋል፤ በጀልባ ውስጥ ግን ከወለሉ በታች ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ በሥራቸው ጊዜ ብልጭታ ያወጣሉ፤ ያ ብልጭታ የተኛውን ትነት ቢያገኘው ጀልባው ይነዳል። ለጀልባ የሚሠሩት ሞተሪኖዎች ብልጭታቸው እንዳይወጣ የተዘጉ ስለ ሆኑ በእነርሱ መተካት ግዴታ ነው፤ ሞተሩም ከመነሣቱ በፊት ትነቱን የሚያወጣ ማራገቢያ ይሥራ። ናፍጣ ከዚህ አደጋ የራቀ ስለ ሆነ ለሕዝብ ማመላለሻ እርሱ ይመረጣል።

የጭስ መውጫውም ነገር አይረሳ። በመኪና ሥር ነፋስ የሚያቀዘቅዘው ማርሚታና ቧንቧ በጀልባ ሆድ ውስጥ እንጨት ሊያነድ ይችላል፤ ስለዚህ እሳት በማይበላው ነገር ይጠቅለል ወይም በውሃ ይከበብ። በጭሱ ውስጥ ውሃ የሚጨመርበት ሥርዓት ከሆነ፤ ቧንቧው አስቀድሞ ከውሃው ልክ በላይ ከፍ ብሎ ከዚያ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ሞተሩ ሲቆም ውሃው ወደ ሲሊንደሮቹ ይመለሳል። ጭሱም ወደ ተሳፋሪዎች እንዳይገባ ይሁን፤ በውስጡ ሽታ የሌለው የሚገድል ጋዝ አለበትና።

አራተኛ፤ ስለ መሬት

መኪናን መሬት ይሸከመዋል፤ ጀልባን ግን የሚሸከመው መሬት ስለሌለ፤ መሬት ይሠራለት የነበረውን ሥራ ሌላ ነገር ሊሠራለት ይገባል። በመኪና የሞተሩ ኃይል ዘንግን ያዞራል፤ መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋው ጎማው መሬትን ሲረግጥ ነው። በጀልባ ግን ፕሮፔለሩ ውሃን ወደ ኋላ ሲገፋ፤ ዘንጉ ራሱ ወደ ፊት ይገፋል። ያ ግፊት በመኪና ፍሪሲዮንና በሞተሩ ውስጥ ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ ቢያርፍ በቶሎ ይፈጃቸዋል። ለዚህ ሲባል ግፊቱን የሚችል፤ የሞተሩን ፍጥነት በሁለት ወይም በሦስት እጅ የሚቀንስ፤ ወደ ኋላም የሚያስኬድ የጀልባ ካምቢዮ ያስፈልጋል። የመኪናውን ካምቢዮ እንዳለ መጠቀም ገንዘብ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን ወደብ ሲቀርቡ ለመቆም የሚያስችል ብርቱ የኋላ ጉዞ አይሰጥም።

ሞተሩና የፕሮፔለሩ ዘንግ በአንድ መስመር ይሁኑ፤ ይህም የሚለካው ጀልባው በውሃ ላይ ሳለ ነው፤ የጀልባ አካል ከውሃ ሲወጣና ሲገባ ጥቂት ይለወጣልና። ሞተሩ ዘንጉን ለመከተል ወደ ኋላ ያዘመመ እንደ ሆነ፤ ዘይቱ በመያዣው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል፤ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ከዘይቱ ውጭ እንዳይቀር ይመርመር። ማዕበልም ይህን ዝንባሌ ይጨምረዋል።

ሰው አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ብቻ እንዳይደለ፤ የዛሬ ሞተርም ከእነዚህ ሌላ የሚገዛው አለው፤ እርሱም ኮምፒዩተሩ ነው። ምሳሌውን ከልኩ አላሳልፈውም፤ ነገር ግን ዘመናዊ ሞተር ቁልፉን፣ የነዳጅ መርገጫውን፣ ካምቢዮውንና የሙቀት መለኪያዎቹን ሳይጠይቅ አይሠራም። ከመኪናው ሲነጠል የሚጠይቃቸውን ካላገኘ ጉልበቱን ይቀንሳል ወይም ፈጽሞ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሞተሩን የሚገዛ ሰው ኮምፒዩተሩንና ሽቦውን ሁሉ አብሮ ይግዛ፤ ለአዲሱም ሥራ በሚያውቅ ሰው ያስተካክለው፤ ከእርጥበትም ይጠብቀው።

እንግዲህ የትኛው ሞተር ለየትኛው ጀልባ ነው?

ቀስ ብሎ ብዙ ሰውና ብዙ ጭነት ለሚያመላልስ ጀልባ፤ ግንዱ ጊዛ የሆነ፤ ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ የናፍጣ ሞተር ይሻላል። ክብደቱ አይጎዳውም፤ ይልቁንም ከታች ሆኖ ጀልባውን ያረጋጋዋል፤ ሙቀት ቢያልፍበትም ታጋሽ ነው። ለፈጣንና ለቀላል ጀልባ፤ ለምሳሌ ሕመምተኛ ለሚያደርስ ወይም ለጥበቃ ለሚወጣ፤ አሉሚኒየሙ ሞተር በጎ ነው፤ ነገር ግን ዝግ ማቀዝቀዣ፣ ጤነኛ ኩላንትና ሙቀት ሲያልፍ የሚጮህ ደወል ሳይኖረው አይታሰር። የጣና ውሃ ጣፋጭ ስለ ሆነ አሉሚኒየምን ይታገሣል፤ በሶዳ ሐይቆችና በባሕር ላይ ግን ከላይ የተነገረው ሁሉ ካልተፈጸመ ባይሞከር ይሻላል።

ሰው ከመሳፈሩ በፊት ጀልባው ይፈተን። የሰውን ክብደት ያህል አሸዋ በጆንያ ተጭኖ፤ ከዳር ሳይርቅ፤ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ፋብሪካው የጻፈለትን የዙር ቍጥር መድረሱ ይታይ። ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታልና ይለወጥ። ከዚያም አንድ ሙሉ ሰዓት በሥራ ፍጥነቱ ይሂድ፤ በየ10 ደቂቃው ሙቀቱ በወረቀት ይጻፍ። ቍጥሩ ወጥቶ ከቆመ በጎ ነው፤ እየወጣ ከሄደ ግን ማቀዝቀዣው አልበቃምና ሥራው አላለቀም። ከዚህ ሁሉ በኋላም መቅዘፊያ፣ መልሕቅና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከጀልባው አይታጡ። እነዚህን ማስቀመጥ ሞተሩን መጠራጠር አይደለም፤ የሰውን ነፍስ ማክበር ነው።

በትምህርት ቤት ስለሚደረግ ፈተና

መምህራን ሆይ፤ በመንደር ትምህርት ቤት ሞተር ባይኖርም ይህን ትምህርት ለማስተማር የሚበቃ ዕቃ አለ። ከአሮጌ ድስት ሦስት የአሉሚኒየም ቍራጮች ቍረጡ። አንዱን በንጹሕ ውሃ፤ ሁለተኛውን በጨው ውሃ፤ ሦስተኛውን የመዳብ ሽቦ ጠምጥማችሁበት በጨው ውሃ አኑሩ። ተማሪዎች በየሳምንቱ እያወጡ ይመልከቱ፤ ያዩትንም ከነቀኑ ይጻፉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚበላ በዓይናቸው ያያሉ። ሁለተኛም፤ በሁለት እኩል ጣሳዎች የፈላ ውሃ ሞልታችሁ፤ አንዱን በአየር ላይ፤ ሌላውን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ገበቴ ውስጥ አኑሩ። ቴርሞሜትር ካለ በእርሱ፤ ከሌለም ጥቂት ቈይቶ በጥንቃቄ በእጅ ዳስሶ የትኛው እንደ ቀዘቀዘ ይታወቃል። ሙቀት በውሃ በኩል ከአየር ይልቅ ፈጥኖ እንደሚወጣ የሚያይ ልጅ፤ ከጀልባ ሥር የተዘረጋው ቧንቧ ለምን እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ይህ ትምህርት ሥራ የሚያመጣ ነው። በጉለሌ ወገን ያለው በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ዛሬ የሙያ ትምህርት ይሰጥበታል። በ1955 ዓ.ም. በሩን የከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል፤ በዩኒቨርሲቲውም ሥር የመርከብ መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። የዛሬው የመንደር ተማሪ ነገ ከእነዚህ በአንዱ ሊገባ ይችላል። ሌላው ደግሞ በጋራዥ ተለማማጅ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እርሱም ቢሆን መለኪያ ማንበብና ያየውን መጻፍ ከለመደ የሰው ሕይወት በእጁ ይጠበቃል።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ ለእናንተም የሚቀር ሥራ አለ። በአገራችን የእጅ ሙያ ያለው ሰው ለብዙ ዘመን በንቀት ዓይን ሲታይ ኖሯል፤ ከዚህም የተነሣ ባለሙያው ዕውቀቱን ሸሽጎ፤ ለልጁ ብቻ በጆሮው ነግሮ ይሞት ነበር። በመጽሐፍ ያልተጻፈ ሙያ በአንድ ሰው ሞት ይጠፋል። በሠፈራችሁ ያለውን መካኒክ አክብሩት፤ ከልጆቻችሁም ጋር አስቀምጡት፤ የሠራውን በምን ልክ እንደ ሠራው፣ የተበላሸበትንም በምን ምክንያት እንደ ተበላሸ ይንገራቸው፤ እነርሱም ይጻፉ። እንዲህ ከተደረገ ከጉለሌ ወጥቶ ጣና ላይ የሚታሰር ሞተር በዕድል ሳይሆን በዕውቀት ይሄዳል፤ በእርሱም ላይ የተሳፈረች እናት ልጇን እንዳዘለች ከወደቡ ትደርሳለች።